የአብዱልሃዲ ኒም እና የናፊሳ አበባ

ሸዋ ሮቢት ላይ ስለ ሙቀት የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው። የአገሬው ሰው የሚያወራው ስለ ጥላ ነው። የማን በረንዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንደማያገኘው፣ የትኛው ግድግዳ ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው ሱቅ ደጃፍ ምንም ሳይገዙ ቢቆሙ ባለቤቱ ፊቱን እንደማያጠቁር በቃሉ ያውቃል። በዚህ ትምህርት ማዕረግ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ አብዱልሃዲን የሚቀድመው አይገኝም ነበር።

አብዱልሃዲ ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፤ ሽንኩርት ሲኖር ሽንኩርት፣ ማሾ ሲኖር ማሾ፣ ምንም ሳይኖር ባዶውን። ሌላው ሾፌር መንገዱን በኪሎ ሜትር ሲቆጥር እሱ የሚቆጥረው በዛፍ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱን ለብሶ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ወረድ ሲል ጃኬቱን፣ ሌላ ወረድ ሲል ሹራቡን ያወልቃል። የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ሲጀምር ከየትኛው ሾላ ሥር እንደሚያርፍ አስቦ ጨርሷል።

አንድ የግንቦት ቀን ራዲያተሩ ፈላበትና ቀወት ሜዳ ላይ ቆመ። መካኒክ እስኪመጣ ግማሽ ቀን አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተጋደመ። በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ፣ አህያ የሚነዳውንም ባጃጅ የሚነዳውንም፣ “ይህን ዛፍ የተከለው ማነው?” እያለ ጠየቀ። የሚያውቅ ጠፋ። የቦታው ስም ግን ድፍን ቀወት እንደሚያውቀው “ሾላው ጋ” ነው። አብዱልሃዲ ለማያውቀው ሰው ዱዓ አደረገ፤ ያኔም አንድ ምኞት ልቡ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጡረታ ሲወጣ ዛፍ ይተክላል። እሱ ካለፈ በኋላ ሰው ከዛፉ ሥር ያርፋል፣ ባጃጅም ተሳፋሪዋን “ዛፉ ጋ” ብላ ታወርዳለች።

“ስሜ ባይነሳ ግድ የለኝም” ይል ነበር። ግድ ነበረው እንጂ።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ መስጊዱ በምታስገባው የጠጠር መንገድ ዳር፣ ከራሱ በር ፊት ለፊት አንድ የኒም ችግኝ ተከለ። ኒም የቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀቱን አይፈራም፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ቶሎ ያድጋል። በሁለት ዓመት አብዱልሃዲን በቁመት በለጠው። በሦስተኛው ዓመት ለአንድ አግዳሚ ወንበር የሚሆን ጥላ ጣለ። አብዱልሃዲም አግዳሚውን አሠርቶ፣ ጠዋት አንደኛው ጫፍ፣ ከሰዓት ሌላኛው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ ከጥላው ጋር ይዞር ጀመር።

ችግሩ፣ ደጃፉ ቀድሞ ባለቤት ነበረው።

ሚስቱ ናፊሳ የማጀቴ ልጅ ናት። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትዳር ከእናቷ ጓሮ አንድ የአበባ ሥር ነቅላ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ጠቅልላ ይዛ መጣች። አበባዋን ሴት አኩሪ ይሏታል። ቅጠሏ የሙዝ ልጅ የመሰለ ሰፊ፣ አበባዋ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ግንዷ ይደርቃል፣ ይቆረጣል፣ ፍየል ይግጠዋል፤ ሥሯ ግን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ውሃ ሲሸተው ብቅ ይላል። ባልና ሚስቱ ሦስት ቤት ሲቀያይሩ አበባዋም ሦስት ጊዜ በማዳበሪያ ተጠቅልላ ተጓዘች። ፍሬዋ ጥቁርና እንደ ጠጠር ጠንካራ ነው። ናፊሳ በተጋቡበት ዓመት ያንን ፍሬ እየበሳች በክር ሰክታ ለባሏ መስበሃ፣ የዱዓ መቁጠሪያ፣ ሠርታለት ነበር። መስበሃው ሠላሳ አንድ ዓመት መኪናው መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ፤ አሁን ከጣቱ አይለይም።

አሁን አበባዋ ከአጥሩ ሥር ዝቅ ባለው በኩል በሰልፍ ቆማለች። ኒሙ ከእሷ ሦስት እርምጃ ከፍ ብሎ ነው። እንግዲህ ሁለት ተክልና ሁለት ሽማግሌ በአንድ ደጃፍ ሲገናኙ የሚሆነውን ገምቱ።

“ናፊሳ፣ እስቲ አበባሽ ጥላ ሥር ቁጭ በይና እንይሽ” ይላል አብዱልሃዲ ከአግዳሚው ላይ።

“አንቱስ እስቲ ዛፍዎን ፀጉሬ ላይ ይሰኩልኝ” ትላለች ናፊሳ መጥረጊያዋን ሳታቆም።

“ዛፍ የልጅ ልጅ ይቀመጥበታል። አበባ ለዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ይጠግባል። ከዓይን በቀር ለማን ምን ጠቅማ ታውቃለች?”

“እኔ ቤት በቀየርኩ ቁጥር አበባዬን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሄጃለሁ። ነገ ቤት ብንቀይር ዛፍዎን በምን ሊጠቀልሉት ነው፣ የሙዐዊያ አባት?”

ሙዐዊያ አግብቶ ኮምቦልቻ የሚኖረው ልጃቸው ነው። ስልክ በደወለ ቁጥር ሁለቱም ስለየተክላቸው ሊያስረዱት ይሻማሉ፤ እሱም ካርድ አለቀብኝ ማለት ለምዷል።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ንጉሤ ይህን ክርክር እንደ ሬዲዮ ድራማ ነው የሚከታተለው። ሁለቱም ዳኛ ሲያደርጉት ለሁለቱም “እውነት ነው” ይላል። ንጉሤ ባለሱቅ ነው፤ ሁለቱም ደንበኞቹ ናቸው።

አንድ ቀን ግን ጨዋታው ከረረ። አብዱልሃዲ ሁለተኛ አግዳሚ ለማስገባት ሲል አራት የአበባ ግንድ በማጭድ አነሳ። “ትበቅል የለ፣ አንቺው አይደለሽ ያልሽው?” አላት። ናፊሳ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እራቱን በሰዓቱ፣ ውሃውን በሰዓቱ ታቀርባለች፤ ቃል ግን የለም። በሦስተኛው ቀን አብዱልሃዲ ንጉሤን ለሽምግልና ላከ። ንጉሤ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ሱቁን መዝጋቱን ብቻ በማየት የነገሩን ክብደት መረዳት ይቻላል። ብዙ ከተባለ በኋላ እንዲህ ሲል ፈረደ፦

“ከዛሬ ጀምሮ ናፊሳ ስለ ዛፉ ክፉም ደግም አትናገሪ። አብዱልሃዲም ስለ አበባዋ ክፉም ደግም አትናገር። ሁሉም የራሱን ይጠብቅ።”

ሁለቱም ተስማሙ። ናፊሳ “ቃል ቃል ነው” አለች። እሷ ቃል ከሰጠች ደግሞ ተራራ ቢናድ አታነሳውም። አብዱልሃዲ ይህን ማወቅ ነበረበት።

ወሬው ወደ ውሃ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በበጋ የመስጊዱ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። አብዱልሃዲ ግን ትልቅ ሮቶ አለው። ለሰው ይጥቀም ብሎ ከሮቶው ቱቦ ስቦ ከኒሙ ግንድ አጠገብ ቧንቧ ተከለ፣ ቅርንጫፉ ላይም ሦስት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ሰቀለ። ሰው እየመጣ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል፣ እጅ እግሩን ይታጠባል፣ ውሃውም ዛፉን ያጠጣል። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ነበር። አንድ ጁመዓ ግን ከሶላት የሚወጣው ሕዝብ ዛፉን ሲያደንቅለት ጊዜ ልቡ ሞቀና አፉን ከፈተ።

“ዛፍ መትከል ሰደቃ ነው” አለ። “ያጠጣውም ሰው ከአጅሩ ድርሻ አለው። እኔ አልሰስትም፤ የፈለገ ሁሉ ይካፈል።”

ሮቢት ውስጥ ጥላና የአላህ ምንዳ በአንድ ቦታ በነፃ ተገኝቶ ማን ይቀራል? በማግስቱ ቤቱ ውዱእ አድርጎ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወደ ኒሙ ዞረ። ከሱብሂ እስከ ኢሻ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ሃያና ሠላሳ ሰው ግንዱ ሥር ይታጠባል። የሰፈሩ አዛውንት ሸኽ ካሚል በአንድ ማንቆርቆሪያ ይጨርሱ የነበረውን ውዱእ በሦስት ማድረግ ጀመሩ። ሙጂብ የሚባለው ባለ ባጃጅ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ማንቆርቆሪያውን እንደገና ይሞላና “ይቺ ለእናቴ፣ ይቺ ለአባቴ፣ ይቺ ለአክስቴ” እያለ ያንቆረቁራል። ሙጂብ ዘመደ ብዙ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ኒም ሁሉ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ የአብዱልሃዲ ኒም ቢጫ ሆነ። ጫፉ ላይ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ መሃል ገባ። ቅጠሉ አግዳሚው ላይ ይረግፍ ጀመር። የጥላው መሃል ቀዳዳ አወጣ፤ አብዱልሃዲም አንድ ቀን ተቀምጦ ሳለ ፀሐይ መላጣውን ስታገኘው ደነገጠ።

“ጠምቶታል” አለ ሙጂብ።

“ጠምቶታል” አሉ ሸኽ ካሚል።

“ጠምቶታል” አለ አብዱልሃዲም፤ ሙቀቱን አይቶ ማን ሌላ ነገር ያስባል? ስለዚህ ይበልጥ አጠጡት። ሙጂብ ከወንዝ በጀሪካን ማምጣት ጀመረ። በጠጣ ቁጥር ቢጫነቱ ባሰ፤ ቢጫነቱ በባሰ ቁጥር አጠጡት። ሲበዛ ማርም ይመራል የሚለው አባባል ስለ ውሃም መሆኑን ማንም አላሰበውም።

አብዱልሃዲ ፈርቶ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህ ዛፍ ከሞተ ሌላ ተክሎ ከሥሩ ለመቀመጥ ዕድሜ መበደር አለበት። የረገፈውን ቅጠል እያነሳ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ለምን እንደሚከተው እሱም አያውቅም። ቀወት ሜዳ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ትዝ ይለዋል። የእሱን ዛፍ ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ላይመጣ ነው።

ናፊሳ ደግሞ ግቢውን ትጠርጋለች፣ ዛፉን ታያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ትገባለች። አንድ ነገር እንደምታውቅ ገብቶታል።

“ናፊሳ፣ ምንም አላየሽም?” አላት አንድ ጠዋት።

“ምኑን?”

“ያንን።”

“የቱን ያንን?”

“ያንን… ደጅ የቆመውን።”

“ደጅ ስለ ቆመ ነገር አልናገርም፤ ቃል አለብኝ።” ሻዩን ቀዳችለትና ወጣች። ጨክና አልነበረም፤ ጓዳ ገብታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋለች። ቃል ግን ቃል ነው።

ቢቸግረው ንጉሤን ላከ። ንጉሤ ስኳር የሚያደርስ መስሎ ገባ፤ አብዱልሃዲ ከበሩ ኋላ ቆሞ ያዳምጣል።

“እትዬ ናፊሳ፣ እኔ ነኝ ውሉን ያዋዋልኩት፤ እኔው ላፍርሰውና ስለዚያ ዛፍ ንገሪኝ።”

“ንጉሤ፣ አንተ ትሙት፣ ስለ ዛፉ አልናገርም” አለች ናፊሳ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከበሩ ኋላ ማን እንዳለ ስለምታውቅ ነው። “ስለ አበባዬ ግን መናገር አልተከለከልኩም። አበባዬ ውሃ ትወዳለች፤ ረግረግም ቢሆን ግድ የላትም። ዘንድሮ ዛፍ ዛፉ በኩል ያሉት ግንዶቿ ከራሴ በላይ ሆነዋል፣ ቅጠላቸው ሰው ሊተኛበት የሚችል ነው። እኔ ደግሞ ወላሂ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ አንድ ጣሳ ውሃ አላጠጣኋቸውም። ከማን እየጠጡ እንደሆነ እንጃ።”

ንጉሤ አልገባውም። አብዱልሃዲ ግን ከበሩ ኋላ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ዛፉ ሄደ። ከመኪናው ያስቀረውን የጎማ መፍቻ ብረት አምጥቶ ግንዱ አጠገብ ቆፈረ። አንድ ክንድ ሳይገባ ብረቱ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሽታው የቆየ ኩሬ ሽታ ነበር። ጥቁሩ አፈር ውሃውን ይዞ አልለቀው ብሎ፣ የዛፉ ሥር ለስድስት ወር መተንፈሻ አጥቶ ቆሟል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ደርሶ አየው፤ ዛፉን በዱዓና በምርቃት እያሰጠሙት ነበር። የጀመረውም የእሱ አፍ ነው። እጁ ጭቃ እንደሆነ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ አፈረ።

ከዚያ ገባና በሚስቱ ፊት ቆመ።

“ናፊሳ፣ አበባሽን አውሺኝ።”

“ለምን?”

“ዛፉን ዙሪያውን ትክበብልኝ። ትጠጣለታለች። ከቧንቧው ወደ መደብሽ ቦይ እቀድዳለሁ፤ ውሃው ሁሉ ወደ አንቺ ይውረድ።”

ናፊሳ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው፤ ቶሎ አትጨርሰውም። “አበባ ከዓይን በቀር ለማን ምን ጠቅማ ታውቃለች ያሉት በአደባባይ ነው። ሲመልሱትም በአደባባይ ይመልሱት” አለች።

አብዱልሃዲ ሲቆፍርና ሲተክል ሰነበተ። ዘጠኝ ሥር ከመደቡ ነቅላ የሰጠችው እሷ ናት፤ የተከለው እሱ ነው። አንድም ሥር አልሰበረባትም። ጁመዓ ሲደርስ ሕዝቡ ከሶላት ወጥቶ ሲሰበሰብ አግዳሚው አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ወንድሞቼ፣ ዛፉ የታመመው በውሃ ብዛት ነው። ያሳመመው የእኔ አፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውዱእ ከቦዩ ጫፍ ይሁን፤ ውሃው ወደ ናፊሳ አበባ ይውረድ።”

ጉርምርምታ ተነሳ። ሙጂብ እጁን አወጣ። “ጋሼ፣ እኔ ስድስት ወር ያጠጣሁት ዛፉን ብዬ ነው። አሁን ውሃው ወደ አበባ ሲዞር አጅሩም ይዞራል ወይስ እዚያው ይቀራል?”

ሸኽ ካሚልም ዱላቸውን ተደግፈው ጠየቁ። “ዛፍስ ይሁን፤ ወፍ ያርፍበታል፣ ሰው ይጠለልበታል። አበባን ማጠጣት ግን ምን ሰደቃ አለው? አንተው አይደለህ ለማን ምን ጠቅማ ታውቃለች ስትል የከረምከው?”

አብዱልሃዲ ሲጨንቀው እንደልማዱ ጣቱ መስበሃው ላይ ይሮጣል። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ፤ አራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ቁልቁል አየው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይዞት አንድ ቀን አላየውም ነበር።

“ሸኽ፣ ይህ ምንድን ነው?” አለ እጁን ዘርግቶ።

“መስበሃ ነዋ።”

“ፍሬው ከምን ነው?”

ሸኽ ካሚል ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። “የዛፍ አይመስልም።”

“የናፊሳ አበባ ፍሬ ነው” አለ አብዱልሃዲ። “በተጋባን ዓመት እሷው ሰክታ ሰጠችኝ። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ የመኪናዬ ፍሬን እምቢ ባለኝ ቀን አንድ እጄ መሪውን፣ አንድ እጄ ይህን ይዞ ነው የወረድኩት። ከዛፌ ጥላ ሥር ሰው ከተቀመጠ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ አላህን ያወሳሁት ግን ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች አበባ ነው። ጥቅም የላትም ያልኩትን በዛሬዋ ጁመዓ መልሻለሁ።”

ከአጥሩ ኋላ የናፊሳ መጥረጊያ ቆመ። ሸኽ ካሚል መስበሃውን መለሱለትና “ወንዝ ዳር እንኳ ብትሆኑ ውሃ አታባክኑ ተብለን ሳለ፣ እኔ ራሴ ሦስት ማንቆርቆሪያ…” ብለው ጀምረው ተዉት። ወደ ቦዩ ጫፍ ሄዱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ አጥሩ ዞረው “ናፊሳ፣ ፍሬ ስትይዝ የእኔን መስበሃ እንዳትረሺ፤ ክሩ አልቋል” አሉ። ሙጂብ አጅሩ እንደሚዞር ተረዳ፤ ስለዚህ ለአክስቱም ለአጎቱም በቦዩ በኩል ቀጠለ።

ዛፉ ወዲያው አልዳነም። ክረምቱን ሙሉ እንደ ታማሚ ሰው ቆመ፤ አብዱልሃዲም ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን በጥፍሩ እየፋቀ አረንጓዴ መሆኑን ያያል። ጥቅምት ላይ ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ወጣ። አብዱልሃዲ ያየው ብቻውን ሆኖ ነው፤ አልቅሶ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቱን ግን ከቦዩ ውሃ ታጥቦ ነው የገባው። በቀጣዩ ዓመት ጥላው ሁለት አግዳሚ አለፈ። ግንዱን የከበቡት አበቦች ደግሞ ውሃ እንደልባቸው አግኝተው ከአስፋልቱ ድረስ የሚታይ ቀይ ቀለበት ሠሩ። ባጃጆች ከጥላው ሥር ተራ መያዝ ጀመሩ፤ ቦታው የታወቀ ፌርማታ ሆነ።

ባለፈው የገበያ ቀን ባልና ሚስቱ ከገበያ ሲመለሱ ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩ ለከተማው አዲስ የሆነ፣ እነሱን የማያውቅ ሰው ነው። ናፊሳ የቲማቲም ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች።

“የት ልጣላችሁ አባቴ?” አለ ሾፌሩ።

አብዱልሃዲ ይህን ጥያቄ ከቀወቱ ሾላ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ደረቱን ነፋ አደረገ።

“ዛፉ ጋ።”

“የቱ ዛፍ?”

“መስጊዱ መንገድ ያለው። ትልቁ ኒም።”

ሾፌሩ አሰበ፣ ራሱን አከከ። “አላውቀውም አባቴ። ሌላ ምልክት የለውም?”

ናፊሳ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

አብዱልሃዲ ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ሾፌሩ አየ፣ ኪሱ ውስጥ መስበሃውን ጨበጠ። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ሊያቆመው አልቻለም።

“እሺ” አለ፤ “አበባው ጋ።”

“እንዲያ አይሉኝም” አለ ሾፌሩ መሪውን እያዞረ፤ “አበባው ጋን ማን ያጣዋል?”

ናፊሳ እስኪወርዱ ድረስ ስለ ዛፉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ውላቸው ገና አልፈረሰም።